ስለ ቶርኖ መኪና ታሪክና ስለ አሮጌ ቶርኖ ዕድሳት

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን ዓመት በሚያስብበት በዚህ መጽሔት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፣ ስለ ደራስያንና ስለ መጻሕፍት ብዙ ይጻፋል፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ሰው ዛሬ የሚገለገልባቸውን መኪናዎች ሁሉ ለመሥራት ያገለገለች፣ ስሟ ግን በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም የማይገኝ አንዲት መኪና አለች። እርሷም ቶርኖ ናት። የባቡር ሞተርም፣ የስፌት መኪናም፣ የውሃ መሳቢያም፣ ይህን ጽሑፍ ያተመው የማተሚያ መኪናም አንዳንድ ክፍላቸው በቶርኖ ላይ ሳይዞር አልተሠሩም። ስለዚህ ስለ ቶርኖ አመጣጥና አሮጌ ቶርኖ በሰው ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚታደስ ጥቂት ለማስረዳት ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያልተደረገባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቶርኖ ምን እንደ ሆነ እንናገር። በሌሎች መሣሪያዎች ስለቱ ይንቀሳቀሳል፤ የሚቈረጠው ዕቃ ግን ተይዞ ይቆማል። በቶርኖ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚሠራው ብረት ወይም እንጨት ይሽከረከራል፤ ስለቱ ደግሞ ወደ እርሱ እየተጠጋ ይልጠዋል። ዕቃው በሚዞርበት ጊዜ ስለቱ በአንድ ርቀት ከቆመ፣ የሚወጣው ሥራ ክብ ከመሆን በቀር ሌላ መልክ ሊኖረው አይችልም። ስለቱ በርዝመቱ በቀጥታ ከተጓዘ ዘንግ ይወጣል፤ በሽክርክሪቱ መጠን እየተለካ ከተጓዘ ደግሞ የብሎን ጥርስ ይወጣል። የቶርኖ ምሥጢር ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው።

ስሙ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። በአገራችን የብረት ሥራ ቤቶች የሚነገሩት ብዙዎቹ ስሞች ከዚያው ቋንቋ የገቡ ናቸው፤ ዕቃ ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ፣ መብሻው ትራፓኖ፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ መያዣው ፒንሳ፣ የሚያዞረው ቺንጋ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ቋንቋ የታሪክ ምስክር ስለ ሆነ፣ አንድ ተማሪ ወደ ብረት ሥራ ቤት ገብቶ የዕቃዎቹን ስም ቢጠይቅ ሙያው በየት በኩል እንደ ገባ ከስማቸው ብቻ ሊረዳ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሰማንያ ወይም መቶ ዓመት የሠራ ቶርኖ፣ ዝገት በልቶት፣ አልጋው ተፍቆ፣ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ በኪሎ ሊሸጥ ከተቃረበ በኋላ፣ አንድ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ በጓሮው ውስጥ በእጅ መሣሪያ እንደ ገና ትክክለኛ ሊያደርገው ይችላል። በብዙ አገር ይህ ተደርጓል፤ ዛሬም ይደረጋል። ትልቅ ፋብሪካ የሠራውን መኪና አንድ ሰው በጓሮው ማስተካከሉ እንዴት ይቻላል? መልሱ በመኪናው ታሪክ ውስጥ ስለሚገኝ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

እጅግ ጥንታዊው ቶርኖ እንጨት የሚቀርጽ ነበረ። በግብፅ አገር በጴጦሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ የቶርኖ ሥራ ሥዕል ይታያል። በዚያ ዘመን በነበረው አሠራር አንዱ ሰው በሚሠራው እንጨት ላይ ገመድ ጠምጥሞ ወዲያና ወዲህ ይስበዋል፤ ሁለተኛው ስለቱን ይዞ ይቀርጻል። ከዚያም በኋላ ገመዱን በደጋን ላይ ወጥረው አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራበት ዘዴ ተገኘ። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ያየ ሰው የመሣሪያውን መልክ በቀላሉ ሊገምት ይችላል፤ ልዩነቱ የደጋኑ ጅማት በእንጨቱ ላይ የሚጠመጠም መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ቶርኖ አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ስለሚዞር፣ ሠራተኛው የሚቈርጠው በግማሹ ጊዜ ብቻ ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ በእግር የሚረገጥና ከባድ መንኰራኵር ያለው፣ ሳያቋርጥ ወደ አንድ ወገን የሚዞር ቶርኖ በሥዕል አሳይቷል።

ይሁን እንጂ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብረት ሠሪው ብዙውን ጊዜ ስለቱን የሚይዘው በእጁ ነበረ። እጅ ደግሞ ይደክማል፤ ይንቀጠቀጣል። አንድ ብልህ ሠራተኛ ዛሬ ያወጣውን ዘንግ ነገ በዚያው ልክ መድገም ይቸገራል። በዚህም ምክንያት ብሎንና ዳዶ እንደ ባልና ሚስት አንዱ ለአንዱ ብቻ የተሠሩ ነበሩ፤ የአንዱ ብሎን ዳዶ ለሌላው አይገባም ነበር።

ትክክለኛ ሥራ ምን ያህል እንደ ተፈለገ የእንፋሎት ሞተር ታሪክ ያስረዳል። ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተርን ለማሻሻል ያሰበው አሳብ መልካም ሆኖ ሳለ፣ እንፋሎት የማያስወጣ ትክክለኛ ክብ ሲሊንደር የሚሠራለት ሰው አጥቶ ብዙ ዓመት ተቸግሯል። በ1774 ጆን ዊልኪንሰን የመድፍ አፈ ሙዝ የሚቦረቡር አዲስ መኪና አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ሲሊንደር የሚቦረቡር መኪና ሠራ። የዋት ሞተር በ1776 ለሥራ ሊውል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊዎች ዋትን ሲያመሰግኑ ዊልኪንሰንን መርሳት አይገባቸውም፤ አሳብ ብቻውን መኪና አይሆንምና።

ቶርኖን ዛሬ ወደምናውቀው መልክ ካደረሱት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ስሙ የሚጠራው ሄንሪ ሞድስሊ ነው። ሞድስሊ በ1771 በለንደን አጠገብ በምትገኘው በዉሊች ተወለደ። የድኻ ልጅ ስለ ነበረ በ12 ዓመቱ በዉሊች የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ጥይት ውስጥ ባሩድ እየሞላ ሥራ ጀመረ። ከዚያም ወደ አናጢ ቤት፣ ከአናጢ ቤትም ወደ ቀጥቃጭ ቤት ተዛወረ። በ18 ዓመቱ ጆሴፍ ብራማ የተባለው ስመ ጥሩ ቁልፍ ሠሪ አስጠርቶ ቀጠረው። የብራማ ቁልፍ ያለ መክፈቻው ሊከፈት የማይችል ነው ተብሎ፣ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እንደሚሰጥ ተነግሮ በሱቁ መስኮት ላይ ይታይ ነበር፤ እስከ 1851 ድረስም የከፈተው አልተገኘም። ይህን የመሰለ ቁልፍ በብዛት ለማውጣት የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች የሠራው ሞድስሊ ነው።

በ1797 ሞድስሊ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ ነበርና፣ በሳምንት የሚከፈለው 30 ሽልንግ እንዲጨመርለት ጌታውን ለመነ። ብራማ እምቢ አለ። ሞድስሊም ወጥቶ በለንደን ከተማ የራሱን ትንሽ ሥራ ቤት ከፈተ። ቶርኖው ሙሉ መልክ ያገኘው በዚህ ሥራ ቤት ነው። በ1800 ገደማ የሠራው ብሎን የሚቈርጥ ቶርኖ ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል።

ይህ ቶርኖ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይዟል። አንደኛው፣ ስለቱ በሰው እጅ ሳይሆን በብረት አልጋ ላይ በሚንሸራተት ተሸካሚ ተጨብጦ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው፣ ያን ተሸካሚ የሚስበው ረጅምና ትክክለኛ መሪ ብሎን ነው። ሦስተኛው፣ የሚሠራውን ዕቃ መዞርና የመሪውን ብሎን መዞር የሚያገናኙ፣ እየተለዋወጡ የሚገቡ ባለ ጥርስ መንኰራኵሮች ናቸው። መንኰራኵሮቹን በመለወጥ በአንዱ መሪ ብሎን ብዙ ዓይነት ጥርስ ማውጣት ተቻለ። በእውነቱ እነዚህን ነገሮች ለየብቻ ያሰቡ ሌሎች ሰዎች ከእርሱ በፊት ነበሩ፤ በእንግሊዝ አገር ጄሲ ራምስደን በ1770ዎቹ ዓመታት፣ በፈረንሳይ አገር ሴኖ በ1795 ብሎን የሚቈርጥ ቶርኖ ሠርተዋል። የሞድስሊ ሞያ ሦስቱን በጠንካራ ብረት አዋሕዶ፣ ማንኛውም ሠራተኛ በየቀኑ ሊሠራበት የሚችል መኪና ማድረጉ ነው።

ሞድስሊ የሥራ ሰዎቹን ክርክር የሚቈርጥበት አንድ መለኪያ ነበረው። መለኪያው የአንድ ኢንች አሥር ሺኛ ክፍል ድረስ ያሳይ ነበርና «ሎርድ ቻንስለር» ብለው ሰየሙት። ይህ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኛ የሚጠራበት ስም ነበረ። በአገራችን ልማድ ብንናገረው «አፈ ንጉሥ» እንደ ማለት ነው፤ መለኪያው ከፈረደ በኋላ ይግባኝ አልነበረምና። ከዚያ ዘመን ቀጥሎ በፖርትስማውዝ የባሕር ኃይል ወደብ፣ ማርክ ብሩኔል የነደፋቸውን የመርከብ ገመድ መሳቢያ መንኰራኵር የሚሠሩ መኪናዎች ሞድስሊ ሠራቸው። በ1808 ገደማ እነዚህ መኪናዎች በዓመት 130 ሺህ ያህል መንኰራኵር ያወጡ ነበር፤ ቀድሞ 110 ሰዎች የሚሠሩትንም 10 ሰዎች ይሠሩት ጀመር።

ሞድስሊ በ1831 ሞተ። ከሥራ ቤቱ ግን ጄምስ ናዝሚዝ፣ ሪቻርድ ሮበርትስ፣ ጆሴፍ ክሌመንት፣ ጆሴፍ ዊትወርዝ የተባሉ ስመ ጥሩ ባለሙያዎች ወጥተዋል። ለአሮጌ ቶርኖ ዕድሳት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን የዊትወርዝ ሥራ ነው።

ማንኛውም መኪና ትክክለኛ የሚሆነው ሜዳው ገጽ በእርግጥ ሜዳ ሲሆን ነው። ነገር ግን ሜዳነቱ በምን ይታወቃል? በሌላ ሜዳ ተለክቶ ነው እንበል፤ ያስ ሌላው በምን ተለካ? ለዚህ ጥያቄ የተገኘው መልስ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ይኸውም በሁለት ሳይሆን በሦስት ገበታዎች መሥራት ነው። ሁለት የብረት ገበታዎች ብቻ ቢኖሩን፣ አንዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም በስሱ ቀብተን በሌላው ላይ ስናሻሸው ቀለሙ የነካበት ቦታ ከፍ ያለው ቦታ ነው። ያን ቦታ በእጅ ስለት ጥቂት እንፍቃለን፤ እንደ ገና እናሻሻለን፤ እንደ ገና እንፍቃለን። በመጨረሻ ሁለቱ በፍጹም ይገጥማሉ። ግን መግጠማቸው ሜዳ መሆናቸውን አያረጋግጥም፤ ጎድጓዳ መዳፍም ከጉልበት ጋር ይገጥማልና አንዱ ጎድጓዳ ሌላው ጉብታ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ ገበታ ሲመጣ ሐሰቱ ይገለጣል። አንደኛው ጉብታ ቢሆን፣ ከእርሱ ጋር እንዲገጥሙ የተፋቁት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሁለቱም ጎድጓዳ ይሆናሉ። ሁለቱን ጎድጓዶች ፊት ለፊት ስናጋጥማቸው በዳራቸው ብቻ ይነካካሉ፤ በመካከላቸውም ክፍተት ይቀራል። እንግዲህ ሦስቱ ገበታዎች እየተለዋወጡ፣ አቅጣጫቸውም እየዞረ፣ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር የሚገጥመው ሦስቱም ሜዳ ሲሆኑ ብቻ ነው። ዊትወርዝ ይህን አሠራር በ1840 በግላስጎ ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ አስረዳ። ከዚያ በፊት ሠራተኞች ገበታን በአሸዋና በዘይት እያፋጩ ያለሰልሱ ነበርና፣ ፍቀት ከማፋጨት የበለጠ መሆኑን አሳወቀ።

ለጥያቄያችን መልስ የሚሆነው ይህ ነው። የትክክለኛነት ሁሉ መነሻ የሆነው ሜዳ ገጽ የተገኘው ከሌላ መኪና አይደለም፤ ሦስት የብረት ቁራጮች፣ ጥቂት ቀለም፣ አንድ የእጅ ስለትና ትዕግሥት ያለው ሰው ነው ያስገኙት። ስለዚህ በእጅ የተወለደ ነገር በእጅ ሊታደስ ይችላል። አሮጌ ቶርኖ የሚያድስ ሰው በጓሮው ተቀምጦ የሚያደርገው ዊትወርዝ ያስተማረውን እንጂ ሌላ አይደለም።

በ1841 ዊትወርዝ የብሎን ጥርስ በእንግሊዝ አገር ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ደንብ አቀረበ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆን ወሰነ። የዛሬው የሜትር ደንብ 60 ዲግሪ ነው። ይህም የታሪክ ወሬ ብቻ መስሎ እንዳይታይ፤ የቆየ የእንግሊዝ ቶርኖ የሚፈታ ሰው የሜትር ብሎን በኃይል ቢያስገባበት፣ መቶ ዓመት የቆየውን ጥርስ በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል።

ቶርኖ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሰው ቤት መግባት የጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በ1898 ፐርሲቫል ማርሻል በለንደን «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ፤ ይህም በቤታቸው ትንንሽ ሞተርና ባቡር የሚሠሩ ሰዎች የሚማማሩበት ሆነ። በ1906 በአሜሪካ አገር በኢንዲያና ግዛት ጆንና ማይልስ ኦብራየን የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች የሳውዝ ቤንድ ቶርኖ ፋብሪካን ከፈቱ፤ ፋብሪካው ለትምህርት ቤቶችና ለትንንሽ ሥራ ቤቶች የሚሆን ቶርኖ በብዛት ይሠራ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በኖቲንግሃም አጠገብ በቢስተን ከተማ በ1934 የማይፎርድ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጣው «ኤም ኤል 7» የተባለው ቶርኖ 7 ኢንች ያህል ስፋት ያለው ብረት የሚያዞር፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ዋና መሣሪያቸው ሆነ። የቢስተን ፋብሪካ ግን በ2011 ሥራውን አቆመ።

ትልልቆቹ ቶርኖዎች ከፋብሪካ የሚወጡበት ምክንያት ሌላ ነው። በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቍጥር ትእዛዝ ራሱን የሚመራ መቁረጫ መኪና ለሕዝብ ታየ፤ ይህ አሠራር በኋላ ከኮምፒዩተር ጋር ተጋጠመ። ዛሬ አንድ የኮምፒዩተር ቶርኖ ብዙ ሠራተኞች የሚሠሩትን ይሠራል። በእጅ የሚመሩት አሮጌዎቹ ግን በየማእዘኑ ቆመው ዝገው፣ ቦታ ያዙ ተብለው በኪሎ ይሸጣሉ። ከዚህ ላይ ነው አዳሹ የሚመጣው።

የዕድሳት ሥራ በመዶሻ አይጀመርም፤ በመጠየቅና በመጻፍ ይጀመራል። ብልህ አዳሽ አንድ ብሎን ከመፍታቱ በፊት መኪናውን በየወገኑ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በአልጋው ጫፍ ወይም በራሱ ላይ የተመታውን ቍጥር ይመዘግባል፤ የፈታውንም ዕቃ ስሙንና ቦታውን ጽፎ በየቆርቆሮው ያስቀምጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፣ በችኮላ የተፈታ ቶርኖ ብዙ ጊዜ ሳይገጣጠም በሣጥን ውስጥ ይቀራል።

ከዚያም ማጠብ ይከተላል። የብዙ ዓመት ዘይትና አቧራ ተጋግሮ እንደ ሙጫ ስለሚሆን በነጭ ጋዝ ተነክሮ በእንጨት ወይም በናስ ቁራጭ ይነሣል፤ ብረት ብሩሽ ስለቱ የሚመላለስበትን ገጽ ይጭረዋልና አይነካውም። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ እየፈገፈጉ አቧራውን መተንፈስ አደገኛ ነው። ዝገቱን ለማስለቀቅ ደግሞ በኬሚስትሪ ክፍል የተማርነው ኤሌክትሮሊሲስ ያገለግላል። የዛገው ዕቃ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይነከርና ከ12 ቮልት ባትሪ መሙያ አሉታዊ ገመድ ጋር ይገናኛል፤ አንድ ተራ የብረት ቁራጭ ደግሞ ከአዎንታዊው ጋር ይገናኛል። ዝገቱ ይላላል፤ ጤነኛው ብረት ግን አይበላም። በዚህ ጊዜ የሚቃጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ ሥራው ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ መሠራት አለበት። የማይዝግ ብረት በአዎንታዊው ወገን ማስገባት ፈጽሞ አይገባም፤ መርዛም የክሮም ውሕድ ያወጣልና።

ቀጥሎ ምርመራ ይመጣል። እንደ ሐኪም በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት አይቻልም። የቶርኖ አልጋ በሁሉም ቦታ እኩል አያልቅም፤ ብዙው ሥራ የሚሠራው ዕቃውን በሚነክሰው ማንድሪኖ አጠገብ ስለ ሆነ የሚፋቀው በዚያ በኩል ነው፤ የጅራቱ ወገን ግን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይቆያል። ሒሳቡም ልብ የሚባል ነው። ስለቱ ወደ ሚሠራው ዕቃ ወይም ከዕቃው ወደ ውጭ የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ቢሸሽ፣ የዕቃው ውፍረት በሁለት መቶኛ ይዛባል፤ ስሕተቱ በሁለቱም ጎን ይቈጠራልና። ስለቱ በዚያው ልክ ወደ ታች ቢወርድ ግን በውፍረቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከቍጥር የማይገባ ነው። ስለዚህ አዳሹ የትኛው ጉዳት እንደሚያስቸግርና የትኛው እንደማያስቸግር ለይቶ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ያለ ጥቅም ይደክማል።

ብዙ ጊዜም ያረጀ የመሰለው ቶርኖ ያላረጀ፣ የተጣመመ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ወለሉ ትክክል ሳይሆን እግሮቹ በብሎን ሲጠብቁ ረጅሙ አልጋ ይጠመዘዛል። ይህንን ለማወቅ በመጀመሪያ ትክክለኛ ውሃ ልክ በአልጋው በሁለቱ ጫፎች ላይ ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ወፍራም ዘንግ በማንድሪኖ ይያዝና በሁለት ቦታ ላይ፣ ስለቱ ሳይነካ፣ በስሱ ይላጣል። የሁለቱ ቦታዎች ውፍረት እኩል ካልሆነ ከእግሮቹ በአንደኛው ሥር ስስ ቆርቆሮ እየገባ እኩል እስኪሆን ድረስ ይታረማል። አንዳንድ ሰው በብዙ ገንዘብ ሊያሠራው ያሰበው መኪና በአንዲት የቆርቆሮ ቁራጭ ይድናል።

አልጋው በእርግጥ ካለቀ ግን የዊትወርዝ ፍቀት ይጀመራል። ሜዳ ገበታ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ በላዩ ይሻሻል፤ ቀለም የነካው ይፋቃል። በእያንዳንዱ ፍቀት የሚነሣው ብረት ከሚሊሜትር መቶኛ ያነሰ ነው። ቀለሙ በአንድ ኢንች ካሬ ውስጥ ሃያ ያህል ነጥብ ሆኖ ሲዘረጋ ሥራው መልካም ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል። በነጥቦቹ መካከል የሚቀሩት ትንንሽ ጉድጓዶችም ዘይት ይይዛሉና መኪናው እንዲለሰልስ ይረዳሉ። ይህ ሥራ ሳምንታትን፣ አንዳንድ ጊዜም ወራትን ይፈጃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ እዚህ በእርግጥ ይፈጸማል።

ከዚህ ሌላ ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ይመረመራሉ፤ መሪውን ብሎን የሚይዘው የነሐስ ዳዶም ይታያል። ነሐሱ ከብሎኑ የለሰለሰ ሆኖ የተሠራው በአሳብ ነው፤ የሚያልቀው ርካሹ ክፍል እንዲሆንና ውዱ ብሎን እንዲተርፍ ነው። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ከፋብሪካ የወጣ ቶርኖ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አለው፤ በመኖሪያ ቤት ያለው መስመር ግን ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ይለወጣል፣ ወይም መስመሩን የሚለውጥ መሣሪያ ይገባለታል፤ ይህን የሚሠራው የተማረ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆን አለበት። ቶርኖው ሲዞርም ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የተፈታ ጠጕር በአጠገቡ አይገኝ፤ የማንድሪኖውም መክፈቻ በቦታው ተሰክቶ አይቅር።

በአዳሾች መካከል አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶቹ መኪናው እንደ አዲስ ተቀብቶ እንዲያብረቀርቅ ይወዳሉ፤ ሌሎች ግን ቀለሙና ጭረቱ የሠሩበትን ሰዎች ታሪክ ስለሚናገር መነካት የለበትም ይላሉ። በሙዚየም የሚቀመጥ ከሆነ የኋለኞቹ እውነት አላቸው፤ የሞድስሊን ቶርኖ ቀብቶ ማሳመር ጥፋት ነውና። በቤት ውስጥ ሊሠራበት የተፈለገ ቶርኖ ግን መጀመሪያ ትክክለኛ መሆን ይገባዋል። በጽሑፉ አዘጋጅ አስተያየት ሚዛኑ ይህ ነው፤ የሚያልቀው ይታደስ፤ የማያስቸግረው ይቆይ፤ የተለወጠው ሁሉ በጽሑፍ ይመዝገብ። ከስሕተቱ በላይ ቀለም ቀብቶ መሸጥ ግን ዕድሳት ሳይሆን ማታለል ነው።

የዚህ ታሪክ ነገር ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚነካካበት ቦታ አለ። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሥራ ቤት አቋቁመው፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስፈሰሱ፤ በ1868 እስከ መቅደላ አስጐተቱት። ከዚያ በፊት በ1866 ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ባለ እጆችና መሣሪያዎች እንዲመጡላቸው ጠይቀው ነበር። ሠራተኞቹና መሣሪያዎቹ እስከ ምጽዋ ደረሱ፤ በእስረኞቹ ምክንያት ግን ስምምነት ስላልተገኘ ወደ ጋፋት ሳይደርሱ ቀሩ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ባለ እጁን ሁሉ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለ ነበረ ነው። በብረት የሚሠራ ሰው በሚናቅበት አገር መኪና ቢገባ እንኳ ሲበላሽ የሚያድሰው አይገኝም።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በአገራችን «ካረጁ አይበጁ» የሚባል ምሳሌ አለ። ስለ ብዙ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ቶርኖ ግን እውነት አይደለም። ጊዛ የተባለው ቀልጦ የፈሰሰ ብረት በቅርጹ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ዓመት ሲቆይ ይረጋጋል እንጂ አይከፋም፤ ያረጀው ገጹ ብቻ ነው፤ ገጹንም የሰው እጅ ሊመልሰው ይችላል። እውነተኛው ሥጋት ሌላ ነው። ቶርኖውን የሚፍቁት፣ የሚለኩት፣ በድምፁ ሕመሙን የሚያውቁት ሽማግሌ ባለሙያዎች ሞያቸውን ለልጅ ሳያስተላልፉ ቢያልፉ፣ ብረቱ ቢተርፍም የሚያድሰው አይኖርም። ሞድስሊ የማይረሳው በቶርኖው ብቻ አይደለም፤ ከሥራ ቤቱ ሮበርትስንና ዊትወርዝን የመሰሉ ሰዎች ስለ ወጡለትም ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እጁ በዘይት ጠቍሮ ቢመጣ አትዘኑበት። መምህራን ሆይ፣ በትምህርት ቤቶች ዕቃ ቤት የቆሙ አሮጌ መኪናዎች ካሉ በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት ተማሪዎች ይፍቷቸው፤ በአንድ አሮጌ ቶርኖ ውስጥ ጂኦሜትሪም፣ ኬሚስትሪም፣ ታሪክም አለና። ጓደኞቼ ተማሪዎች ሆይ፣ በሰፈራችሁ የቶርኖ ሥራ ቤት ካለ ገብታችሁ ሽማግሌውን ባለሙያ በአክብሮት ጠይቁ፤ የነገራችሁንም በደብተራችሁ ጻፉ። የአገራችን የብረት ሥራ ታሪክ ገና ብዙ ጸሐፊ ይፈልጋል።